አዲስ ይገዛ፣ ከአሮጌ ይወለቅ ወይስ ሙሉ ቦርድ ይቀየር? የድሮ ቴሌቪዥን ለሚያስጠግኑ

ቴሌቪዥኑ መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ያሳያል። ድምፁ ጤነኛ ነው። ዜናው ይሰማል፣ ዜና አንባቢዋ ግን የለችም። ባለፈው ክረምት የእናቴ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን እንዲህ ሆነ።

ደሴ ውስጥ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ "ፍላይባኩ፣ ከፍተኛውን ቮልት የሚያወጣው ዕቃ፣ ሄዷል" አለኝ። ሁለተኛው "ሙሉ ቦርዱን ቀይረን እንገላገል" አለ። ሦስተኛው "ለእማማ ፍላት ግዛላቸው፣ ይሄ ጊዜው አልፏል" ብሎ መከረኝ። ሦስቱም ለክፋት አልነበረም። ግን ሦስቱም መልሱን የሰጡኝ ክዳኑ ሳይከፈት ነው። በኋላ ሲከፈት ችግሩ አንድ የተሰነጠቀ ብየዳና አንድ የደረቀ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ሆኖ ተገኘ።

ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አራት ምርጫ ይቀርብላችኋል። የተበላሸውን ዕቃ ብቻ በአዲስ መቀየር። ከሌላ አሮጌ ቴሌቪዥን የወለቀ ዕቃ መግጠም። ሙሉ ቦርዱን፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ የተበየዱበትን ሰሌዳ፣ መቀየር። ወይም መተው። የቱ ይሻላል? እንደ ዕቃው ይለያያል። እኔ የምሄድበት መለኪያ ይህ ነው፦ ዕድሜ የሚያደርቀውን ዕቃ ሁልጊዜ አዲስ ግዙ፤ ዕድሜ ብዙም የማይጎዳውን ግን ከአሮጌ የወለቀው ኦሪጅናል ከአዲሱ ኮፒ ይበልጣል።

ይህን የተማርኩት ተማሪ እያለሁ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ጠጋኝ መበየጃውን ከማንሳታቸው በፊት ቴሌቪዥኑን ለረጅም ጊዜ ያዩታል። ያዳምጡታል፣ ያሸቱታል። "ዕቃ መቀየርማ ማንም ይቀይራል። የቱን እንደሆነ ማወቁ ነው ሥራው" ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ስክሪኑን አንብቡ

ቴሌቪዥን ሲታመም ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ክዳኑ ሳይከፈት ይጨርሳል።

ምንም ነገር የለም፣ ቀይዋ መብራት እንኳን አትበራም እንበል። ፊውዙ ይታይ። የፊውዙ ብርጭቆ ጠቁሮ ከሆነ ውስጥ ሾርት (መገናኘት የሌለበት መስመር መገናኘት) አለ ማለት ነው። ሌላ ፊውዝ መክተት ሌላ ፊውዝ ማቃጠል ነው። መጀመሪያ አራቱ ዳዮዶች፣ የፓወር አይሲው (ብዙ እግር ያለው ቺፕ) ወይም ትራንዚስተሩ፣ እንዲሁም ፖዚስተር የምትባለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ይለኩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ማስነሻ ሬዚስተሩና ወደ ተሰነጠቀ ብየዳ ይዞራል።

ቀይዋ መብራት በርታ "ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ" የሚል ድምፅ ከመጣ ፓወር ክፍሉ ሊነሳ እየሞከረ ሸክሙ ከብዶታል። ሸክሙ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ፍላይባኩን በሚነዳው በሆሪዞንታል ትራንዚስተሩ ወይም በራሱ በፍላይባኩ ላይ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ መለየት ቁም ነገር ስለሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

አንድ አግድም መስመር ብቻ ከታየ ጥፋቱ ምስሉን ከላይ እስከ ታች የሚዘረጋው የቨርቲካል ክፍል ነው። ፍላይባክ አይደለም! ፍላይባኩ ቢሞት ኖሮ ያቺ መስመር ራሷ ባልታየች። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታውቁ ከብዙ ወጪ ትድናላችሁ። መስመሩ እየታየ ቴሌቪዥኑን አብርታችሁ አታቆዩት። ብርሃኑ ሁሉ አንድ ቦታ ስለሚያርፍ ስክሪኑ ላይ ለዘላለም የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል።

ምስሉ ከላይ ተጨማዶ ወይም ታጥፎ ከመጣ በቨርቲካል አይሲው አጠገብ ያለ ካፓሲተር ደርቋል። ምስሉ ግራና ቀኙ ጠቦ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ጥቁር ጥላ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ከሆነ የፓወር ማጣሪያ ካፓሲተር ነው። ስክሪኑ በጣም ነጭ ሆኖ ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ከታዩበት ከፒክቸር ቲዩቡ (ስክሪኑን የያዘው ትልቅ መስታወት) አንገት ላይ ያለችውን ትንሽ ቦርድ ፈትሹ። እዚያ 180 ቮልት አካባቢ የሚመጣላት መስመር ተቋርጧል ወይም ካፓሲተሯ ደክሟል።

ምስሉ እንደ በረዶ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ችግሩ አንቴናው ወይም ቱነሩ፣ ጣቢያ የሚይዘው ክፍል፣ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቴሌቪዥኑ የኤቪ ቀዳዳ ካለው ሪሲቨሩን በቢጫውና በነጩ ገመድ ሰክታችሁ ተገላገሉ። ለቱነር ጥገና የሚወጣ ገንዘብ የባከነ ነው፤ ምስሉም በኤቪ ይጠራል።

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት

ይህን አንቀጽ አትዝለሉ። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ሲስተካከል ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ባለ ቀለም ቲዩብ ላይ ደግሞ በዚያች የላስቲክ ቆብ ሥር እስከ 25,000 ቮልት አለ። ሁለቱም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳን ሊቆዩ ይችላሉ። አንገቱ ላይ ያለው መስታወት ቀጭን ነው፤ በመፍቻ ከተነካ ይሰበራል። የቲዩብ ኃይል ማውረድን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ካላስተማራችሁ ራሳችሁ አትሞክሩት። ከጽሑፍ የሚለመድ ሥራ አይደለም።

ከጋሼ የወሰድኩትን አንድ ልማድ ግን ጠጋኛችሁን ጠይቁት። ዕቃ ቀይረው ሲጨርሱ ቴሌቪዥኑን በቀጥታ አይሰኩትም ነበር። መሀል ላይ ባለ 100 ዋት የድሮ ክር ያለው አምፖል በተከታታይ ያስገባሉ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በዚያው ከቀረ አሁንም ሾርት አለ፤ አዲሱ ዕቃ ግን አልተቃጠለም። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ መንገዱ ሰላም ነው። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ይህችን አምፖል የሚጠቀም ጠጋኝ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ካፓሲተር፦ ሁልጊዜ አዲስ

ካፓሲተር ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውም እሱ ነው። በርሜል የሚመስለው ዓይነት ውስጡ ፈሳሽ አለው። ፈሳሹ በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃል። ስለዚህ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የወለቀ ካፓሲተር መግጠም በደረቀ ላይ ሊደርቅ የተቃረበ መተካት ነው። በነፃም ቢሰጧችሁ እንቢ በሉ።

ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል። ማይክሮፋራዱ አንድ ዓይነት ይሁን። ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ ዝቅ ያለ ፈጽሞ አይሆንም። ሙቀቱ ደግሞ 85 ዲግሪ የሚልና 105 ዲግሪ የሚል አለ። 105ቱን ውሰዱ። በተለይ ከብረት ማቀዝቀዣው አጠገብ ለሚቀመጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የእናቴ ቴሌቪዥን ውስጥ የደረቀው ካፓሲተር 100 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ነበር። ከቨርቲካል አይሲው ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ሲጠበስ የኖረ ነው። እኔ ባለ 50 ቮልት፣ ባለ 105 ዲግሪ አስገባሁ፤ ከአሮጌው ትንሽ ወደ ጎን አርቄ።

አናቱ ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይለያል። ችግሩ ሲደርቅ ብዙው አያብጥም፤ መልኩ እንዳማረ ነው የሚሞተው። ቴሌቪዥኑ ጠዋት አልነሳ ብሎ ቆይቶ ከሞቀ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ ይህንን ጠርጥሩ። የጠዋቱ የደሴ ብርድ ለዚህ ጥሩ መርማሪ ነው። ባለሙያዎች ተጠርጣሪውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ያደርጉታል። ምስሉ ከተሻለ ተይዟል ማለት ነው።

ግን ካፓሲተር ሁሉ አንድ አይደለም። ከሆሪዞንታል ትራንዚስተሩ አጠገብ 1,600 ወይም 2,000 ቮልት የሚል ጠፍጣፋ ካፓሲተር አለ። እሱን "ይሄ ይቀርበዋል" ብሎ መተካት አደጋ ነው። ልኩ ካነሰ የቲዩቡ ቮልት ከሚገባው በላይ ይወጣል። ትራንዚስተሩ ይቃጠላል፤ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል። እዚህ ቦታ ላይ ቁጥሩ እስኪገኝ መጠበቅ እንጂ ማቻቻል የለም።

የደሴ በሽታ፦ የአንገቱ ሶኬት

ክረምት ላይ ከደሴ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ስሞታ ይህ ነው። "ስከፍተው ምስሉ ድብዝዝ፣ ብዥ ይላል። ሩብ ሰዓት ሲቆይ ይጠራል።" ጥገና ቤት ሲወስዱት ፍላይባክ ይቀየር ይባላሉ።

ፍላይባኩ ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ የቲዩቡ አንገት ላይ የሚሰካው ሶኬት ይታይ። የፎከስ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጠራው፣ እግሩ ብዙ ሺህ ቮልት ይሸከማል። እርጥበትና አቧራ ሲገባው ዝጎ ያንን ቮልት ያፈሳል። ሲሞቅ ይደርቃል፣ ምስሉም ይጠራል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለ ብርድ ልብስ እንኳን ይርሳል። ከፍታው ደግሞ አየሩን ያሳሳል። የሳሳ አየር ከፍተኛ ቮልትን እንደ ቆላው አየር አይከለክልም፤ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ እዚህ እርጥበትና ከፍታ ተባብረው ይመጣሉ።

ሶኬቱ ከፍላይባክ ጋር ሲነፃፀር በጣም ርካሽ ነው። አዲስ ግዙ፤ ዝገት የጀመረውን አሮጌ አትግጠሙ። የእግሩ ብዛትና የአንገቱ ውፍረት እንዲገጥም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ምስሉ አሁንም ብዥ ካለ ያኔ ወደ ፍላይባኩ ይታለፋል።

ኮምቦልቻ ላይ ይህ ብዙ አያጋጥምም። 25 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፣ ይሞቃልም። እዚያ የማያቸው የደረቁ ካፓሲተሮችና አቧራ ለብሰው በሙቀት የተንገበገቡ አይሲዎች ናቸው። ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ዳንቴል ያለበሰ ቤት ካለ ዳንቴሉ ከኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች እንዳይሸፍን ይደረግ። ጌጥነቱን አልጠላሁም፤ ከፊት ይውረድ።

ሆሪዞንታል ትራንዚስተር፦ ኦሪጅናል ከሆነ አሮጌም ይሆናል

ይህ ትራንዚስተር 1,500 ቮልት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። በሰከንድ 15,625 ጊዜ ይከፍታል ይዘጋል። ገበያ ላይ ስሙን የለበሰ ደካማ ኮፒ አለ። ኮፒው ሳምንት ሳይቆይ ይሄዳል። ስለዚህ ሲሠራ ከታየ ቴሌቪዥን የወለቀ ኦሪጅናል ብታገኙ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሁለት ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ። አንደኛው ዓይነት ማምታታት ነው። ቢዩ508ኤ እና ቢዩ508ዲ ወንድማማች ይመስላሉ። ዲ የሚለው ውስጡ ዳዮድ አለው፤ ኤ የለውም። ዳዮድ ያለውን በሚፈልግ ቦታ የሌለውን መክተት ወዲያው ማቃጠል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ደህናውን መጣል ነው። ዲ1555ን የመሰሉት ቤዝና ኤሚተር በሚባሉት እግሮቻቸው መሀል ውስጣቸው ትንሽ ሬዚስተር አላቸው። መልቲሜትር ላይ ዝቅ ያለ ኦም ያሳያሉ። ይህን አይቶ "ሾርት ሆኗል" የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። ሾርቱ የሚፈለገው ኮሌክተር በሚባለው ሦስተኛው እግርና በኤሚተር መሀል ነው።

አዲስ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ከተቃጠለ ሦስተኛ አይገባም። ቆም ይባል። የሚያቃጥለው ሌላ ነው፦ ፍላይባኩ፣ ያ ጠፍጣፋ ካፓሲተር፣ የፓወሩ ቮልት መጨመር፣ ወይም ከፊቱ ያለችው የትንሿ ትራንስፎርመር ብየዳ መሰንጠቅ። ከኋላው ያለችው ሚካ፣ ከብረት ማቀዝቀዣው የምትለየው ቀጭን መከለያ፣ ተቀድዳ ከሆነም ትቀየር።

ፍላይባክ፦ ብዙ የሚከሰሰው

ያ ከቲዩቡ ጋር በወፍራም ቀይ ገመድ የሚገናኘው ጥቁር ዕቃ ነው። ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልት፣ ለፎከሱም፣ ለስክሪኑም፣ አንዳንዴ ለቨርቲካሉም ይመግባል። ብዙ ሥራ ስላለው ብዙ ይከሰሳል።

በእርግጥ ሲሞት ምልክት አለው። ገላው ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት ይታያል። በጨለማ ሰማያዊ ብልጭታ ይዘልበታል። ቤቱን መብረቅ ሲወርድ የሚመጣው ዓይነት ሽታ ይሞላዋል። ወይም ቴሌቪዥኑ ትንሽ ሠርቶ ሲጠፋ ሲነካ ያቃጥላል። በኦም ሜትር ብቻ "ደህና ነው" ወይም "ሞቷል" ማለት ግን አይቻልም። ውስጡ ሁለት ዙር ሽቦ ቢገናኝ ኦም ላይ አይታይም። ለመለየት የሚቀለው መንገድ ይህ ነው። ጠጋኙ ፓወሩን ከሆሪዞንታሉ ይለያል። በቦታው ባለ 60 ዋት አምፖል በጭነትነት ያስራል። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በርቶ ቮልቱ ለቦርዱ በተጻፈው ልክ ከቆመ፣ ብዙዎቹ ላይ ከ110 እስከ 130 መሀል ነው፣ ፓወሩ ነፃ ወጣ። ትራንዚስተሩም ጤነኛ ከሆነ ያኔ ፍላይባኩ ይከሰስ።

አሁን ምርጫው። አዲስ ፍላይባክ በትክክለኛው ቁጥር ከተገኘና ሻጩ ካልሠራ የሚቀበል ከሆነ አዲሱ ይሁን። ችግሩ ለብዙዎቹ የድሮ ቴሌቪዥኖች ትክክለኛው ቁጥር አይገኝም። "ይሄ ይመስለዋል፣ እግሩም ይገጥማል" ትባላላችሁ። እግሩ ሊገጥም ይችላል። የእግሩ አደራደር አንድ ሆኖ የሚያወጣው ቮልት ግን ሊለያይ ይችላል። ለቲዩቡ ምድጃ፣ አንገቱ ውስጥ ላለው ማሞቂያ ክር፣ 6.3 ቮልት የሚሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ከበዛ ቲዩቡን ቀስ እያለ ይገድላል። ርካሹን ዕቃ ለማዳን ውዱን መግደል ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ እዚህ ላይ የምመክረው ለየት ያለ ነው። ቲዩቡ የሞተ ወይም ስክሪኑ የተሰበረ ተመሳሳይ ሞዴል ቴሌቪዥን ፈልጉ። ሰኞ ገበያም፣ ልዋጭ የሚሰበስቡ ልጆች ዘንድም ይገኛል። ሙሉውን ግዙት። ከፍላይባክ ጋር ትራንዚስተሩን፣ አይሲውን፣ ሪሞቱን፣ የክዳኑን ብሎን ሳይቀር ታገኛላችሁ። ከተቻለ ድምፅ እያወጣ አይታችሁ፣ ቢያንስ ስክሪኑ ላይ እጃችሁን ስታስጠጉ ፀጉር የሚያቆመው ስሜት መኖሩን አረጋግጣችሁ ውሰዱ። ያ ስሜት ፍላይባኩ መሥራቱን ይነግራችኋል።

የተሰነጠቀ ፍላይባክን በሲሊኮን የሚደፍኑ አሉ። ብልጭታው ለጥቂት ቀን ይቆማል። ለዕቃው መምጫ ጊዜ መግዣ ካልሆነ በቀር ጥገና ብላችሁ አትክፈሉበት።

ሙሉ ቦርድ

ከቻይና የሚመጣ፣ ከ14 እስከ 21 ኢንች ይሆናል የሚባል፣ ፍላይባኩም ሪሞቱም አብሮት ያለ ቦርድ አለ። ለጠጋኙ ቀላል ነው። አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ በቃ። ለእናንተስ?

አንድ ካፓሲተር ለደረቀበት ቴሌቪዥን ሙሉ ቦርድ መቀየር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አሮጌው ሪሞት ከጥቅም ውጪ ይሆናል። የፊት ቁልፎቹ ቦታቸውን ይስታሉ። ቀለሙም ኦሪጅናሉን አይመስልም። ብዙዎቹን የድሮ ቦርዶች ውፍረታቸውንና የዕቃቸውን ጥራት ሳይ መጣላቸው ያሳዝነኛል።

ሙሉ ቦርድ የምቀበልባቸው ሁኔታዎች አሉ። አንጎሉ፣ ማለትም ትዕዛዝ ሰጪው አይሲ ወይም ሜሞሪው ሞቶ የማይገኝ ከሆነ። ቦርዱ ተቃጥሎ ከሰል ከሆነ። ወይም አይጥ ጎጆ ሠርታበት ሽንቷ መስመሮቹን ከበላው። ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ በገጠር ዘመዶቼ ቤት ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ ቦርዱ ከመገዛቱ በፊት ጠጋኙ ሦስት ነገር ያስተያይ፦ የአንገቱን ውፍረት፣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ ኦም፣ እና የምድጃውን ቮልት። "ሁሉም ላይ ይሆናል" የሚል ቦርድ ሁሉም ላይ አይሆንም። አሮጌውን ቦርድ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ለሌላ ሰው ቴሌቪዥን ነፍስ ነው።

ፒክቸር ቲዩብ

ቲዩብ ሲደክም ይታወቃል። ሲከፈት ምስሉ ለመምጣት ደቂቃዎች ይፈጃል። ነጩ ብር መሰል ሆኖ ይፈስሳል። ወይም አንዱ ቀለም ብቻ ይሳሳል። ቀለም ሲጠፋ ግን ወዲያው ቲዩቡን አትክሰሱ፤ የአንገት ቦርዷ ብየዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ የቀይና የአረንጓዴ መስመሮችን ያለዋውጥ። ሲለዋወጥ የሳሳውም ቀለም ከተለወጠ ጥፋቱ ቦርዱ ላይ ነው። አሁንም ያው ቀይ ከሳሳ ቲዩቡ ነው።

በከፍተኛ ቮልት የሚያነቃቁት አሉ። አንዳንዱ ወራት ይሠራል፣ አንዳንዱ እዚያው ይሞታል። ሌላ ምንም ተስፋ በሌለበት ብቻ ነው የምፈቅደው። የሚሻለው ቦርዱ ከሞተ ቴሌቪዥን ጤነኛ ቲዩብ ማምጣት ነው። ሲመጣ አንገቱ ላይ ያለው ሽቦና ቀለበቶቹ ሳይነኩ አብረው ይምጡ። እነሱ ከተነኩ ሦስቱን ቀለም አንድ ላይ ማምጣት ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ከኮምቦልቻ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሲጫን ስክሪኑ ወደ ታች ሆኖ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ይተኛ። አንገቱን ይዞ ማንሳት ክልክል ነው። የሞተውን ቲዩብ ደግሞ ልጆች በድንጋይ እንዲሰብሩት አትተዉ። መስታወቱ እርሳስ አለው፤ ውስጡ አየር አልባ ስለሆነም ሲሰበር ይወረወራል።

ከየት ይገዛ?

ካፓሲተር፣ ሶኬት፣ ፊውዝና የተለመዱ ትራንዚስተሮች ደሴ ይገኛሉ። አሮጌ ቴሌቪዥን ለመለዋወጫ ከሆነ ኮምቦልቻንም አስሱ። ቁጥሩ እንግዳ የሆነ አይሲና ፍላይባክ መርካቶ መፈለጉ አይቀርም። 400 ኪሎ ሜትር ለአንድ ዕቃ አትሂዱ። የአሮጌውን ቁጥር ከፊትም ከጎንም በስልክ አንሱና ለዘመድ ላኩ። በቃል የተነገረ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ፊደል ይጎድለዋል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ ከጠጋኙ ተቀበሉ። ይህ አለመተማመን አይደለም። ነገ ሌላ ቦታ ስትወስዱት ማስረጃው እሱ ነው።

መተው የሚገባበት ጊዜም አለ። ቲዩቡ ሞቶ ምትክ ከሌለ፣ ወይም ከስክሪኑ ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ከሆነ አዲሱ ይሻላል። መብራትም ይቆጥባል። የእኛ ቤት ግን ጉዳይ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ፍላቱ አልነበረም። ከባዱ የድሮ ቴሌቪዥን ብቻ ቦታው ላይ ቆሞ ጠበቀን። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስለመቀየር ማውራት አትወድም።

አሁን ቴሌቪዥኑ ይሠራል። ቀዩ ግን ከተከፈተ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳስቶ ይቆያል። መስመሮቹን አለዋውጬ አይቻለሁ፤ ያው ቀይ ነው። አንድ ቦርዱ የተቃጠለ፣ ቲዩቡ ጤነኛ የሆነ ተመሳሳይ ሞዴል እዚሁ ደሴ ሆጤ የሚኖር ጓደኛዬ አገኘልኝ፤ በእግሬ ሄጄ አየሁት። ስምምነታችን አልቋል። አንገቱ ላይ ያለውን ምንም ሳንነካ፣ መስከረም ሲጠባና ጉሙ ሲነሳ ነው የምናወልቀው።